የላላ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ቀለበት እንዴት ይጠገናል?

«ዘንጌ ላይ ያለው ቀለበት ይነቃነቃል፤ ሱፐር ግሉ ጠብ ላድርግበት?» ይህ ጥያቄ አያልቅም። ሐዋሳና ባሕር ዳር ካሉ አጥማጆች ይመጣል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከለት ዘንግ ሻንጣ ውስጥ ተጨፍልቆ የደረሰው ሰውም ይጠይቀኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ ሱፐር ግሉውን አስቀምጡት።

ቀለበቱን ዘንጉ ላይ የያዘው ማጣበቂያ አይደለም፤ ክር ነው። ከላይ የሚያብረቀርቀው ነገር ኢፖክሲ የሚባል፣ ከሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠጥር ቅብ ነው፤ ሥራው ክሩን ከውኃና ከመፋቅ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ቀለበት ላላ ማለት ከሥሩ ያለው ክር ላልቷል ወይም ተበጥሷል ማለት ነው። ጥገናውም አሮጌውን ክር አውጥቶ በአዲስ ክር መጠቅለል ነው። የእጅ ሥራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ትዕግሥት የሚጠይቀው ማድረቁ ነው።

ግራ እንዳንጋባ፦ ከዚህ በታች «ገመድ» ስል በቀለበቶቹ ውስጥ አልፎ መንጠቆው የሚታሰርበትን ናይለን ማለቴ ነው። «ክር» ስል ቀለበቱን ከዘንጉ ጋር የሚያስረውን ነው። «እግር» የምለው ደግሞ ዘንጉ ላይ የሚተኛውን የቀለበቱን ጠፍጣፋ ብረት ነው። አንዳንድ ቀለበት አንድ እግር አለው፤ ትልልቆቹና ለከባድ ዓሣ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አላቸው።

«ትንሽ ቢነቃነቅስ ምን ችግር አለው?» የሚሉም አሉ። ችግር አለው። እግሩ ብረት ስለሆነ በእያንዳንዱ ውርወራ ዘንጉን ይፍቃል። ከዚያም በላይ፣ አምባዛ ወደ ታች ሲጎትት ወይም ጫሞ ላይ ናይል ፐርች ሲይዝላችሁ ጭነቱ ለቀለበቶቹ ሁሉ ይከፋፈላል። አንዱ ከቦታው ሲሸሽ የእሱ ድርሻ ጎረቤቶቹ ላይ ይወድቃል፤ ዘንጉም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይታጠፋል። የካርቦን ዘንግ ደግሞ እንዲህ ያለውን አይወድም።

መጀመሪያ ችግሩን ለዩ

ቀለበቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙና ቀስ ብላችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ግፉት። ዘንጉን ወደ ጆሯችሁ አስጠጉት። ክሩ ከላላ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ቀጭን ድምፅ ትሰማላችሁ። አሁን ብርሃን ላይ ሆናችሁ የእግሩን ጫፍ ተመልከቱ። ኢፖክሲው ላይ ዘንጉን ዞሮ የሄደ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታይ ይሆናል። ስንጥቁ ኖሮ ቀለበቱ ጨርሶ ካልተነቃነቀ ክሩ ደህና ነው። ቦታውን በአልኮል አጽዱና ከላይ አንድ ቀጭን ኢፖክሲ ብቻ ቀቡት። ከተነቃነቀ ግን ወደ ሙሉው ጥገና እንሄዳለን።

ቀጥሎ ቀለበቱ ራሱ ደህና መሆኑን አረጋግጡ። የጥጥ ቁራጭ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፉና ውስጡን ዙሪያውን አሽከርክሩት። ጥጡ ከተያዘና ጭረት ላይ ክሮቹ ከቀሩ፣ ውስጡ ያለው ሴራሚክ ተሰንጥቋል። በዓይን ባይታይም ገመዳችሁን ይበጣዋል። ያን ቀለበት መልሶ ማሰር ድካም ነው፤ በተመሳሳይ መጠን ባለው አዲስ ቀለበት ቀይሩት።

በባሕር ዳርቻ የምታጠምዱ፣ በተለይ ዱባይና ጅዳ አካባቢ ያላችሁ፣ ኢፖክሲው ሥር ቡናማ ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ካያችሁ ጨው ገብቶ እግሩን እየበላው ነው። እሱም ይቀየር።

በመጨረሻ ዘንጉን እዩ። ቀለበቱ ሥር ዘንጉ ራሱ ከተሰነጠቀ ክር መጠቅለል አያድነውም። እዚያ ላይ ቁሙ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አዲስ ምላጭ
- የፀጉር ማድረቂያ
- አልኮል እና ጥጥ ወይም ንጹሕ ጨርቅ
- ቀጭን ሞረድና ደቂቅ የብርጭቆ ወረቀት
- የወረቀት ፕላስተር፣ በቀጭን ተቆርጦ
- የናይለን ክር። ለዘንግ ተብሎ የሚሸጠው ይመረጣል። ካጣችሁ ከልብስ ሰፊ ጠንካራና ቀጭን የፖሊስተር ክር ውሰዱ። የጥጥ ክር አይሆንም፤ ጸጉራም ነው፣ ውኃም ይመጥጣል።
- ሁለት ጠርሙስ የሆነ፣ ጥርት ያለና ቀስ ብሎ የሚደርቅ ኢፖክሲ
- ሁለት መለኪያ፣ ማማሰያ እንጨት፣ ለስላሳ ትንሽ ብሩሽ፣ ፎይል
- ጓንት
- ወፍራም መጽሐፍ፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ካርቶን

ለዘንግ ተብሎ የተሠራ ኢፖክሲ አገር ውስጥ እንደልብ አይገኝም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ ክሩንና ኢፖክሲውን አብራችሁ አስልኩ። ካልሆነ ጥርት ያለ የእንጨት ቫርኒሽ ይሠራል፤ ኢፖክሲ ከመምጣቱ በፊት ዘንግ በብዛት በቫርኒሽ ነበር የሚቀባው። ግን አንዴ ተቀብቶ የሚያበቃ አይደለም። ቀጭን ቀጭን አድርጋችሁ አራት አምስት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ሲደርቅ ሌላ እየደገማችሁ ነው።

ጥንቃቄ

ያልደረቀ ኢፖክሲ ቆዳ ያስቆጣል፤ ደጋግሞ የነካው ሰው አለርጂ ሊሆንበት ይችላል። ጓንት አድርጉ፤ መስኮት ክፈቱ። ምላጭ ስትጠቀሙ ስለቱ ሁሌም ከእናንተ ወደ ውጭ ይሂድ። የካርቦን ዘንግ ብናኝ ለሳንባ አይበጅም፤ የብርጭቆ ወረቀት ዘንጉ ላይ አትጠቀሙ። አልኮል ከፍቶ አስቀምጦ ላይተር መለኮስ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።

አሠራሩ

1. ቦታውን ምልክት አድርጉ።

አሮጌውን ክር ከመንካታችሁ በፊት እግሩ የሚያልቅበትንና ክሩ የሚጀምርበትን ቦታ በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጉ። በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። የቀለበቶቹ ርቀት በዘፈቀደ የተቀመጠ አይደለም፤ ዘንጉ እኩል እንዲታጠፍ ተለክቶ ነው። ቀለበቱን አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብታሸሹት የዘንጉ አተጣጠፍ ይለወጣል።

2. ኢፖክሲውን አሙቁ።

የፀጉር ማድረቂያውን ከዘንጉ ትንሽ አርቃችሁ፣ እያንቀሳቀሳችሁ አሙቁት። አንድ ቦታ ላይ አትቁሙ። ጥፍራችሁን ስትጫኑበት ምልክት ከተቀበለ ይበቃል። እሳት አይሆንም። የካርቦን ዘንግ ውስጥ ያሉትን የካርቦን ቃጫዎች አጣብቆ የያዘው ራሱ ሙጫ ነው፤ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ዘንጉም እዚያ ላይ ይደክማል። ጉዳቱ ያኔ አይታይም። ትልቅ ዓሣ ሲይዝ ነው የሚታየው።

3. ክሩን እግሩ ላይ ቁረጡ።

ብዙ ዘንግ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ አትቸኩሉ። ምላጩን ዘንጉ ላይ አታሳርፉ። የሚያርፈው በእግሩ ብረት ጀርባ ላይ ነው። ምላጩን ወደ ጎን አዘንብላችሁ፣ እንደ መላጨት አድርጋችሁ፣ ከቀለበቱ ወደ እግሩ ጫፍ በብረቱ ላይ አንሸራትቱ። ከሥር ብረት ስላለ ምላጩ ዘንጉን አያገኘውም። ኢፖክሲው በቀጫጭኑ ይላጣል፣ ክሩም ብረቱ ላይ ይቆረጣል። እግሩ ከሚያልቅበት በፊት ምላጩን አንሱ። ካርቦን ላይ የሚቀር ጭረት፣ በጣም ቀጭንም ቢሆን፣ ዘንጉ የሚሰበርበትን ቦታ ምልክት ማድረግ ነው።

ክሩ እግሩ ላይ ከተቆረጠ በኋላ ቀለበቱ ይወጣል። የቀረውን ክር ጫፉን ይዛችሁ ፍቱት፤ እየተጠቀለለ ይመጣል። እንቢ ካለ እንደገና ትንሽ አሙቁት።

4. ቅሪቱን አጽዱ።

ዘንጉ ላይ የቀረውን ኢፖክሲ እያሞቃችሁ በጥፍር ወይም በፕላስቲክ ካርድ ግፉት። ያለቀበት የሞባይል ካርድ ጥሩ ነው። ቢላዋ አያስፈልግም። ትንሽ ጥላ መሰል ነገር ቢቀር ግድ የለም፤ አዲሱ ክር ይሸፍነዋል። ጉብታ ግን መቅረት የለበትም፤ አዲሱ ክር ጉብታ ላይ እኩል አይተኛም። በመጨረሻ በአልኮል ጥረጉት። ከዚህ በኋላ ቦታውን በባዶ እጅ አትንኩ። የእጅ ቅባት ኢፖክሲውን ይገፋዋል፣ ክብ ክብ ባዶ ቦታም ይፈጥራል።

5. የእግሩን ጫፍ አሹሉ።

የእግሩ ጫፍ ወፍራም ከሆነ ክሩ ከዘንጉ ወደ እግሩ መውጣት አይችልም፤ መሐል ላይ ክፍተት ይተዋል። ከላይ በኩል ብቻ በሞረድ ሙረዱት፤ ቀስ በቀስ እየሳሳ ቁልቁለት ይሁን። ከሥር በኩል ደግሞ ስለታም ጠርዝ እንዳይኖረው በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ዘንጉን የሚነካው እሱ ነው። የብረት ብናኙን በአልኮል ጥረጉ፤ ከቀረ ዝገት ይጀምራል።

6. ቀለበቱን አስቀምጡና አሰላልፉ።

ምልክት ያደረጋችሁበት ቦታ መልሱት። በቀጭን የወረቀት ፕላስተር የእግሩን የቀለበት በኩል ያዙት፤ የእግሩ ጫፍ ክፍት ይቅር። ሁለት እግር ካለው አንዱን እግር ሙሉ በሙሉ በፕላስተር እሰሩ፣ ሌላውን ጠቅልሉ፣ ከዚያ ተራውን ቀይሩ። አሁን ዘንጉን ከእጀታው በኩል አንድ ዓይን ጨፍናችሁ እስከ ጫፉ ተመልከቱ። ሁሉም ቀለበት በአንድ መስመር መታየት አለበት። የአሁኑ ትንሽ መዛባት አያስጨንቅ፤ ከጠቀለላችሁ በኋላ ማስተካከያ ጊዜ አለ።

7. ክሩን ጠቅልሉ።

ካርቶኑን ከሁለት ጎኑ በ«ቪ» ቅርጽ ቁረጡና ዘንጉን አሳርፉበት። የክሩን ጥቅል ብርጭቆ ውስጥ ክተቱ። ክሩን በመጽሐፉ ገጾች መካከል አሳልፋችሁ ወደ ዘንጉ አምጡት። መጽሐፉ ክሩን ወጥሮ ይይዝላችኋል፤ ክብደት ከጨመራችሁበት ይጠብቃል። የምታሽከረክሩት ዘንጉን ነው እንጂ ክሩን ዘንጉ ላይ አይደለም። እንዲህ ሲሆን ውጥረቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ይሆናል።

ከእግሩ ጫፍ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቀድማችሁ፣ ባዶው ዘንግ ላይ ጀምሩ። አቅጣጫው ከዘንጉ ወደ ቀለበቱ ነው፤ ክሩ ቁልቁለቱን ይወጣል። ተገላቢጦሽ ከሄዳችሁ ክሩ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ክሩን አንዴ አዙሩና በራሱ ጭራ ላይ አሻግሩት። ዘንጉን አሽከርክሩ፤ አዲሱ ዙር ጭራውን ተጭኖት ይሂድ። አምስት ስድስት ዙር ሲሆን ጭራው ተይዟል፤ የተረፈውን ጭራ ቁረጡ። ቋጠሮ የሚባል ነገር የለም። ቋጠሮ ጉብታ ይሠራል፣ ጉብታው ላይ ኢፖክሲው ይሰነጠቃል።

ከዚያ ዝም ብላችሁ ቀጥሉ። እያንዳንዱ ዙር ከጎኑ ካለው ጋር ይነካካ፤ መደራረብ ግን የለበትም። ክፍተት ካያችሁ በጥፍራችሁ ወደ ኋላ ገፋ አድርጉት። እግሩ ላይ መውጫው ላይ ቀስ በሉ፤ ክሩ የሚያመልጠው እዚያ ላይ ነው። ወደ ቀለበቱ ስትቃረቡ የያዘውን የወረቀት ፕላስተር አንሱ። ክሩ ራሱ ይይዘዋል።

ምን ያህል ይወጠር? ጠቅልላችሁ ስትጨርሱ ቀለበቱን በጣት ጠንከር አድርጋችሁ ስትገፉት ለማስተካከል ያህል መንቀሳቀስ አለበት። ጨርሶ እንቢ ካለ በጣም ጠብቋል። በተለይ የዘንጉ ቀጭን ጫፍ አካባቢ ከመጠን ያለፈ ውጥረት እግሩን ዘንጉ ውስጥ ይጫነዋል። በቀላሉ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ላልቷልና ፈታችሁ ድገሙት። ክር ርካሽ ነው።

8. ጫፉን ከሥር ደብቁ።

ለመጨረስ ስምንት ዙር ያህል ሲቀር፣ ከሌላ ክር 15 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ሁለት እጠፉት። የታጠፈውን ጫፍ፣ ማለትም ቀዳዳውን፣ ወደ ቀለበቱ አዙራችሁ ጥቅሉ ላይ አስተኙት፤ ሁለቱ ክፍት ጫፎች ወደ ኋላ ይውጡ። የቀሩትን ዙሮች በእሱ ላይ ጠቅልሉ። የመጨረሻውን ዙር በአውራ ጣት ተጭናችሁ ዋናውን ክር 10 ሴንቲ ሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡ። ጫፉን በቀዳዳው አስገቡ። አሁን የኋላ ጫፎቹን ሳብ አድርጉ፤ ቀዳዳው የክሩን ጫፍ ይዞ በጥቅሉ ሥር ያወጣዋል። ጫፉን ወጠር አድርጋችሁ በምላጩ ጥግ ከላዩ ላይ ቁረጡ። ምላጩን ዘንጉ ላይ አትጫኑ፤ የተወጠረ ክር ገና ሲነካ ነው የሚቆረጠው።

ሁለተኛ እግር ካለ በዚሁ መንገድ ሥሩት። ከዚያ በብዕር ክዳን ወይም በማንኪያ ጀርባ ጥቅሉን እሹት፤ ትንንሽ ክፍተቶች ይደፈናሉ። እንደገና ከእጀታው በኩል ተመልከቱና ቀለበቱን በጣት አስተካክሉ። ኢፖክሲ ከተቀባ በኋላ ማስተካከል የለም።

9. ኢፖክሲውን ለኩና ቀላቅሉ።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ተከተሉ። ለዘንግ የሚሠሩት አብዛኞቹ አንድ ለአንድ ናቸው። በዓይን ግምት አትሥሩ። መጠኑ ሲዛባ ኢፖክሲው ለወራትም ቢጠበቅ እንደ ማስቲካ ተጣባቂ ሆኖ ይቀራል። በስሪንጅ የምትለኩ ከሆነ ጥቁር ጎማ የሌለውን ፈልጉ። ጎማው እንዲንሸራተት በሲሊኮን የተቀባ ነው፤ ሲሊኮኑ ኢፖክሲው ውስጥ ሲገባ ቅቡ ላይ እንደ ዓሣ ዓይን ያሉ ክብ ባዶ ቦታዎች ይፈጥራል።

ሁለት ደቂቃ ያህል ቀስ ብላችሁ አማስሉ። ፍጥነት አረፋ ይሠራል። ሲያበቃ ፎይል ላይ አፍስሱት። ተሰብስቦ ሲቀመጥ ራሱን እያሞቀ ቶሎ ይጠጥራል፤ ሲዘረጋ አረፋውም ይወጣል፣ የሥራ ጊዜም ታገኛላችሁ።

10. ቀቡና አሽከርክሩ።

ቀጭን አድርጋችሁ ቀቡ። ክሩ እስኪጠጣው ጠብቁ፤ ከክሩ ጠርዝ አልፎ ዘንጉ ላይ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ይሂድ። ውኃ የሚገባው በዚያ ጠርዝ ነው። እግሩ ግራና ቀኝ ከክሩ ሥር ትንሽ ዋሻ አለ፤ ብሩሹን እዚያ አስጠግታችሁ ኢፖክሲው እንዲገባ አድርጉ። ይህን የሚዘሉ ሰዎች ቀለበታቸው ከዝናብ በኋላ ተመልሶ ይላላል።

ያልተቀባ የናይለን ክር ኢፖክሲ ሲነካው ቀለሙ እንደሚጨልም እወቁ። ነጭ ከሆነ ጭራሽ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል። የተበላሸ ነገር የለም።

አሁን ዘንጉን ካርቶኑ ላይ አግድም አስቀምጡና ማሽከርከር ጀምሩ። በመጀመሪያው ሰዓት በየአምስት ደቂቃው ግማሽ ዙር፤ ቀጥሎ ላሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት በየሩብ ሰዓቱ። ካቆማችሁ ኢፖክሲው ወደ ታች ወርዶ ሆድ ያወጣል። አረፋ ካያችሁ በአፍ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ስጡት፤ አረፋው ይፈነዳል።

ክፍሉ ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆን ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ላይ በክረምት ይህን ማግኘት ያስቸግራል። ጠርሙሶቹን ክዳናቸው እንደተዘጋ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዩና ከመክፈታችሁ በፊት አድርቁ። ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማድረቅ ግን አይሆንም፤ ኢፖክሲው ይቀጥንና ይፈሳል፣ አቧራም ይጠጣል።

11. ጠብቁ፣ ከዚያ ፈትሹ።

ከአንድ ቀን በኋላ በእጅ ይነካል። የክሩ ቅርጽ አሁንም ሻካራ ሆኖ ከተሰማችሁ ሁለተኛ ቀጭን ቅብ ስጡት። ሐይቅ ለመሄድ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን ስጡት፤ ብርድ ከሆነ ከዚያም በላይ። ከዚያ ገመዱን በቀለበቶቹ ሁሉ አሳልፉ፤ ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ እሰሩበትና ዘንጉን ቀስ ብላችሁ አንሱ። ቀለበቱ ቦታውን ካልለቀቀና ድምፅ ከሌለ ሥራው አልቋል።

የጫፍ ቀለበት ሲላላ

የዘንጉ መጨረሻ ላይ ያለው ቀለበት ከሌሎቹ ይለያል፤ በክር ሳይሆን በማጣበቂያ ነው የሚያዘው። ስለዚህ ሥራው ቀላል ነው። ቀለበቱ ዘንጉ ላይ የተሰካበትን የብረት ቱቦ በላይተር ነበልባል ጠርዝ ላይ ለአምስት ሰከንድ ያህል እያዞራችሁ አሙቁት፤ ነበልባሉ ዘንጉን አይንካ። በፒንሳ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። አትጠምዝዙ፣ ጫፉ ይሰበራል። አጽዱት። የሆት ግሉ ዱላ ጫፍ አቅልጣችሁ ዘንጉ ላይ በስሱ ቀቡ፣ ቱቦውን አሙቃችሁ አስገቡ፣ ከመቀዝቀዙ በፊት ከሌሎቹ ቀለበቶች ጋር አሰልፉት። እዚህም ሱፐር ግሉ አይሆንም። የጫፉ ቀለበት አንድ ቀን መቀየሩ አይቀርም፤ በሙቀት የሚለቅ ማጣበቂያ ከሌለው ዘንጉን ሳትጎዱ አታወጡትም።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

- ሱፐር ግሉ። ሲደርቅ እንደ መስታወት ድርቅ ይላል። ዘንግ ደግሞ ይታጠፋል። ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ለሚጠግነው ሰውም ማጽዳቱ መከራ ነው።
- በአምስት ደቂቃ የሚደርቅ ኢፖክሲ። አዙራችሁ ሳትጨርሱ ይጠጥራል፤ እየቆየም ቢጫ ይሆናል።
- ወፍራም ቅብ። ብዙ ኢፖክሲ ጥንካሬ አይጨምርም። ክብደት ይጨምራል፣ ቀጭኑን የዘንግ ጫፍ ያደነድነዋል።
- ሁለተኛውን ቅብ ከቀናት በኋላ መድረብ። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ አዲሱ በደንብ አይይዝም። ከቆየ ቅቡን ብቻ በደቂቅ የብርጭቆ ወረቀት አደብዝዙት፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ከዚያ ቀቡ።

ሐይቅ ዳር ቢላላስ?

ቤት እስክትደርሱ እንዲያገለግላችሁ እንዲህ አድርጉ፦ ዘንጉንና እግሩን አድርቁ። የጥርስ ክር ወይም የልብስ ክር አጥብቃችሁ ከላይ በተጻፈው መንገድ ጠቅልሉና ኩቴክስ ቀቡበት፤ ቀለም የሌለው ቢሆን ይሻላል። ሁለቱም ከሌሉ ናስትሮ ወጥራችሁ ሁለት ሦስት ዙር አዙሩበት። ለዚያ ቀን፣ ለቆሮሶ (ቲላፒያ) ያህል ይበቃል። ከባድ ዓሣ ላይ አትሞክሩት። ቤት ስትገቡ ናስትሮውን በዚያው ዕለት ንቀሉት፤ ከቆየ ሙጫው ዘንጉ ላይ ይቀራል፣ ሥሩ የታፈነው ውኃም እግሩን ማዛግ ይጀምራል።